ወንድሜ በስፒከር የሞተ ቀን

ነፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው ጥግ፣ ሻይ ቤት አለችኝ። አንጓች እባላለሁ። ምላሷ ይናከሳል ይሉኛል፤ ይበሉ፣ ያለ ምላስ ከሹፌርና ከረዳት ጋር ማን ይኖራል? የምነግራችሁ ነገር ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ዓርብ ቀትር ላይ ያለቀ ነው። አለቀ ከተባለ።

ያኔ ሰው እኔ ቤት የሚመጣው ለሻዬ አልነበረም፤ ሻይዋማ ውሃ ነው እያሉ ያሙኛል። የሚመጡት ለስፒከሩ ነው። ከምሳ በኋላ የግድያ ታሪክ እከፍታለሁ። አንድ ተራኪ አለ፣ እኛ ባለማሩ እንለዋለን፤ ድምፁ ማር ነው። ሚስቱን የገደለውን፣ ጓደኛውን ጉድጓድ የከተተውን፣ ወንድሙን መርዝ ያጠጣውን፣ ሁሉንም እያቆላመጠ ይነግረናል። ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ ሹፌሮቹ በሚሞሪ ካርድ ከባሕር ዳር ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ጎረቤቴ እንድሪስ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ «ገዳዩ ባልየው ነው! ባልየው ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሻይ አልጠጣም!» እያለ ይከራከራል። ባልየው ሳይሆን ሲቀር ያው ሻዩን ይጠጣል።

እኔስ ምን ነክቶኝ ነው የምወደው? ብዙ አስቤበታለሁ። ወንድሜ ዳኘው በሰው እጅ የሞተ ነው። ሰው እንዲህ ሲሞትባችሁ ዓለሙ ሁሉ በር የሌለው ቤት ይሆንባችኋል፤ ማን መቼ እንደሚገባ አታውቁም። የባለማሩ ታሪክ ግን መጨረሻ አለው። ገዳዩ ይያዛል፣ ምክንያቱ ይነገራል፣ ሰው «አሃ!» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ይነሳል። በማላውቀው ሰው ሬሳ የራሴን ፍርሃት አስታምም ነበር።

ነገሩ ደግሞ ዛሬ አልተጀመረም። ድሮ በሰው እጅ የሞተ ሲቀበር አልቃሿ ናት እንዴት እንደወደቀ በግጥም የምትነግረን። ኋላ ሬዲዮ መጣና የፖሊስ ፕሮግራም ሲተላለፍ ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር። አሁን ስልክ ሆነ። አልቃሿ ግን የሟቹ ሚስት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያታለች፤ የምትለውን ትለካለች፣ ሲበዛባት ዝም ትላለች። ስፒከር ማን ፊት እንደተቀመጠ አያውቅም።

ዳኘውን የገደለው ባየ የሚባል ጎረቤቱ ነው። ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳ በሚወስደው በኩል፣ ቆላው አፋፍ ላይ ነው መንደራችን። ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስለነበራቸው አቀናጅተው በጋራ ያርሱ ነበር። ባየ ታሰረ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ከዚያ ሽማግሌና ካህን ገብቶ ደሙ ደረቀ። በእኛ መንደር ደም ሲደርቅ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆምና የሆነውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ከዚያ ካህኑ መስቀሉን አንስቶ ያወግዛል፦ «ከእንግዲህ ይህን ነገር በአፉ ያነሳ፣ እንዲህ ገደለ እንዲህ ሞተ ብሎ የተረከ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ!» እኛም «ይሁን!» እንላለን። እኔም ብያለሁ፣ ባየም ብሏል።

የዳኘው ልጅ ሙላት ያን ቀን አልነበረም። ሕፃን ልጅ ደም አይስማ ተብሎ ነፋስ መውጫ እኔ ቤት ቀረ። እናቱም ብዙ ሳትቆይ ስለሞተች እኔው አሳደግሁት። አሁን ጎረምሳ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፣ እንደ አባቱ ዝምተኛ ነው። «አክስቴ፣ አባቴ እንዴት ሞተ?» ሲለኝ «በጠብ» እለዋለሁ። «በምን ጠብ?» ሲለኝ «ውግዘት አለብኝ ልጄ፣ ተወኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ስፒከሩን ከፍቼ የሌላውን ሰው አባት እንዴት እንደሞተ አብረን እንሰማለን። ወይ ጉድ! አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያኔ ግን አንድም ቀን አልገረመኝም።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ሞልቷል። ሙላት ባጃጁን አቁሞ በር ላይ ተቀምጧል። አንዱ ሹፌር «እትዬ አንጓች፣ የዛሬው የራሳችን አገር ታሪክ ነው!» ብሎ ሚሞሪውን ሰጠኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈትሁት።

«በጋይንት ተራሮች ሥር፣ ጨረቃዋ ደም በመሰለችበት ሌሊት…» አለ ባለማሩ። ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ፣ አገሩ ተጠራለታ። እኔ ብርጭቆ እያጠብሁ ነው። ሁለት መቀናጆ ገበሬዎች ነበሩ አለ። እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። እንዲያው መቀናጆ በአገሩ ሞልቷል አልሁ በልቤ። ቀጠለ፦ «ሟቹ በግራ እጁ አራት ጣት ብቻ ነበረው። ትንሿን ጣቱን በልጅነቱ ማጭድ ወስዶበታል።»

ያ ማጭድ የእኔ ነበር። ገብስ ስናጭድ አጠገቤ ሆኖ ነው የተቆረጠው፤ በነጠላዬ ያሰርሁለት እኔ ነኝ።

ዝጉት ልል አፌን ከፈትሁ፣ ድምፅ አልወጣኝም። ባለማሩ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። ገዳዩ ዱር ውስጥ አድፍጦ ጠበቀው አለ። ሟቹ ተንበርክኮ እግሩን ስሞ «ልጄን ላሳድግበት፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ» ብሎ ለመነው አለ። ገዳዩ ሳቀ አለ። ከት ብሎ የሚስቅ ሰው ድምፅም አስገብተውበታል። ከዚያ በጩቤ… እሱን አልደግመውም።

ውሸት! ወንድሜ የሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨረቃም፣ ጩቤም፣ ዱርም የለም። ግን ማን ይሰማኛል? እንድሪስ ሳይቀር እንባው መጥቶ «ይህን አረመኔ ዛሬ ባገኘው!» ይላል። እንድሪስ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው።

በመጨረሻ ባለማሩ አመሰገነ። «ይህን ልብ የሚሰብር ታሪክ ከነፋስ መውጫ የላከልን የሟቹ አንድያ ልጅ ነው። ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።»

በሩን አየሁ። የሙላት ሻይ ሳይነካ ቆሟል፣ ሙላት የለም።

ያኔ ገባኝ። ጣቱን፣ መቀናጆነቱን፣ መንደሩን ለልጁ የነገርሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ውግዘት የለበትም። አሟሟቱን ግን የሚነግረው ስላጣ ያለችውን ቁርጥራጭ ለባለማሩ ላከ። ልጁ አባቱን ፍለጋ ነው የላከው። እነሱ ደግሞ ጎደሎውን በጨረቃና በሳቅ ሞሉለት። ልጁም የላከው ራሱ መሆኑን እያወቀ የመጣለትን አመነ። አጉል ጅል እንዳትሉት፤ ለራበው ሰው የመጣለት ሁሉ እህል ነው።

ቤት ሮጥሁ። ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለው የአባቱ ጩቤ ቦታው ባዶ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። ባጃጁን መናኸሪያ ጥሎ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው የመጨረሻ መኪና መሳፈሩን ረዳቶቹ ነገሩኝ። ነገ ዓርብ ነው። ገዳዩ ባየ መሆኑንና በየዓርቡ ምስርና ሽምብራ በአህያ ጭኖ አርብ ገበያ እንደሚወጣ የማያውቅ የለም፤ ሙላትም ያውቃል።

«ለፖሊስ ንገሪ» አለኝ እንድሪስ።

«ምን ብዬ? ልጄ ሰው ሊገድል ሄደ ብዬ? ልጄን እስር ቤት ላስገባው?»

እንድሪስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ደግሞ አረመኔውን ባገኘው እያልሁ በልጁ ጆሮ ስጮህ ነበር። ሰምቶኛል፣ አንጓች?»

«ሁላችንንም ሰምቶናል» አልሁት።

ዓርብ በማለዳ የእንድሪስ ጨርቅ በጫነው አይሱዙ ከጋቢናው ተሳፈርሁ፤ እሱም አብሮኝ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ያን ቀን ተከፍቷል፣ ግን ፍተሻ አለ። ሰልፍ ቆመን ሁሉም እቃውን ያራግፋል። እኔ ልቤ ሊወጣ ነው። ሹፌሩ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ስልኩን ከፈተ፤ «በጋይንት ተራሮች ሥር…»

«ዝጋው!» ብዬ ጮህሁ።

«ምነው እትዬ፣ ያምራል እኮ!»

«ወንድሜ ነው! የሚታረደው ወንድሜ ነው፣ ዝጋው!»

ሹፌሩ ዘጋው። አንገቱን ቀልሶ «ይቅርታ እትዬ» አለ። ከዚያ አላስችል ብሎት፣ «እውነት ግን እግሩን ስሞ ለምኖት ነበር?» አለኝ። ሞት ይርሳኝ፣ በጥፊ ልለው ነበር። እንድሪስ እጄን ያዘኝ።

አርብ ገበያ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። የአህያውን፣ የበጉን ተራ በሩጫ አለፍሁ። እህል ተራ ስደርስ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ገበያ ላይ ሰው ክብ ሠርቶ ሲቆም ወይ አዝማሪ ነው፣ ወይ ጠብ ነው። አዝማሪ የለም። ስልኮች ወደ ላይ ተነሥተዋል። አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ «የታሪኩ ሰውዬ ነው! ልጁ መጣበት!» ትላለች፤ ዓይኗ በደስታ ያበራል።

በክርን እየገፋሁ ገባሁ። ባየ ከእህሉ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሸምግሏል፤ ጥርሱ ረግፏል። ሙላት ከፊቱ ቆሟል፣ ጩቤው ከሰገባው ወጥቶ በእጁ ነው።

«ንገረኝ» ይላል ሙላት። «አባቴ ለምኖህ ነበር? ስቀህበታል?»

ባየ ቀና አላለም። «ውግዘት አለብኝ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ! ለምኖህ ነበር ወይ?»

«ውግዘት አለብኝ።»

እግዚኦ! ሰውየው ቃሉን ሊጠብቅ ሊሞት ነው። ዝምታው ግን ለሚያየው ሁሉ በስፒከሩ የተወራበትን ያደረገ ያስመስለዋል። ከክቡ ውስጥ አንዱ «ዝም አለ! የሚመልሰው የለውማ!» አለ። ሌላው «ምን ትጠብቃለህ? አንተ ወንድ አይደለህም?» ብሎ ጮኸ። ወንድሜን አንድም ቀን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የሙላት ክንድ ሲጠነክር አየሁት።

«ሙላት!» አልሁ።

ዞረ። «አክስቴ ሂጂ! አንቺ አልነገርሽኝም!»

«አሁን እነግርሃለሁ።»

ባየ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «አንጓች፣ ተይ! መስቀል ተሳልመሻል።»

ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ውግዘት ለእኛ ቀልድ አይደለም። ውጉዝ ሆኖ መሞት፣ ሳይፈቱት መቀበር፣ እኔ ከሞት በላይ የምፈራው እሱን ነው። ግን ልጁ ፊቴ ቆሟል።

«በእኔ ላይ ይሁን» አልሁ። «ስማኝ ሙላት። ቀን ነው፣ ቀትር። ሲያርሱ ውለዋል። ሁለቱም ርቧቸዋል፣ ሁለቱም ደክሟቸዋል። ያባትህ በሬ አልሄድ ሲል ባየ በዱላ መታውና ዓይኑን አገኘው። አባትህ ሰደበው፤ ክፉ ስድብ ነው፣ እናቱን ነው የሰደበው። ባየ በያዘው ዱላ መታው። አንዴ። ጭንቅላቱን። አልለመነውም፣ የሚለምንበት ጊዜ አልነበረም። የሳቀም የለም።»

«ከዚያስ?» አለ ሙላት። ድምፁ የሕፃን ሆነብኝ።

ከዚያ ያለውን እኔ አልተናገርሁትም። ባየ ነው የቀጠለው፤ መሬት መሬት እያየ።

«ቁጭ አለ» አለ። «እርሻው ላይ ቁጭ አለ። እኔ ‹ዳኘው፣ ተነስ› አልሁት። ደም አላየሁበትም። ‹በሬዎቹን ፍታቸው፤ ጠምቷቸዋል› አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔም ፈታኋቸው። ቀንበሩን አውርጄ ዞር ስል ወድቋል። ኡኡ ያልሁት እኔ ነኝ። አገሩን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

የአህያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ስልኩን እያወረደ «በቃ? በበሬ ነው እንዴ?» አለ። ጓደኛው «እኔ የምሩን መስሎኝ ነበር» አለው። ተያይዘው ሄዱ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ሰው ከክቡ እየተነጠለ ወደ ጨው፣ ወደ ሽንኩርት፣ ወደ ጉዳዩ ተበተነ። ወንድሜ በእውነቱ የሞተ ጊዜ ገበያው ሰለቸው። ተናደድሁ፣ በጣም ተናደድሁ፤ ግን እዚያው ቆሜ ራሴን አየሁት። እኔም ለባለማሩ ስንት ጊዜ «ውይ፣ የዛሬው አይረባም» ብዬ አውቃለሁ። የማን ወንድም እንደነበር ጠይቄ አላውቅም።

ሙላት ምስሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጩቤውን እንድሪስ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደው። ሙላት የባየን እጆች ብቻ ያይ ነበር። ባየ ደግሞ በግርግሩ የተደፋውን ምስር እየለቀመ ወደ ጆንያው ይመልሳል፣ ይደፋበታል፣ እንደገና ይለቅማል። ኋላ ሙላት እጁን ዘርግቶ አብሮት ለቀመ። ይቅርታ አደረገለት እንዳትሉ። ሁለቱም የሚይዙት አጥተው ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከተቀረጹት ቪዲዮዎች አንዱ ተሰራጨ፤ እውነቱ የተነገረበት አይደለም፣ ጩቤው የወጣበት ብቻ ነው። ባለማሩም ሁለተኛ ክፍል ሠራ፣ እኔን ጨምሮበት። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው የባየን ቤት በድንጋይ ደበደበ፣ የገለባ ክምሩን አቃጠለ። ደመኞቹ እኛ ነን፤ እኛ ምረን ተቀምጠን፣ ስማችንን በስልክ የሰማ ሰው ደማችንን ሊመልስልን ተነሳ። ባየ አህያውን ሸጦ አገሩን ለቀቀ። ወደ እስቴ ወረደ ይላሉ፤ ሞተም ይላሉ። ይኑር ይሙት አላውቅም።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድሁ። ጸሎት አድርሰው ፈቱኝ፣ ስግደትም ሰጡኝ። «ውግዘቱ ደም እንዳይፈስ ነበር፤ አንቺም የጣስሽው ደም እንዳይፈስ ነው» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን የባየ የገለባ ክምር ሲታወሰኝ የፈታሁት ምን እንደሆነ ይምታታብኛል። ዝም ብንል ልጁ አባቱን ከስልክ ይሰማል፤ ብንናገር ስልኩ ሌላ ታሪክ ያደርገዋል። መላው ከጠፋ ሰው የቱን ይምረጥ?

ስፒከሩን ሸጥሁት። ደንበኞቼ ወደ ወዲያኛው ሻይ ቤት ሄዱ፤ እዚያ ባለማሩ አለ። እንድሪስ ብቻ ቀረልኝ፤ ዛሬም ሻዩ ውሃ ነው ይላል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ አትቀየሙኝ። ጩቤው ከሰገባው ሲወጣ ልባችሁ ዘለለ አይደል? በሬው ሲመጣስ ትንሽ ቀዝቀዝ አላላችሁም? አልፈርድባችሁም፤ የሰው ልብ ነው፣ የእኔም እንደዚያው ነው። ግን የሚተረክላችሁ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ጣቱን በነጠላዋ ያሰረችለት እህት አለችው። እሷም ምናልባት ብርጭቆ እያጠበች ትሰማችኋለች።

ሙላት ለብዙ ጊዜ ስለዚያ ቀን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም። በቀደም ግን ዝናብ ይዞት ባጃጁን አቁሞ ገባ። ቤቱ ባዶ ነው። ሻዩን ቀዳሁለትና ጠጣ።

«አክስቴ» አለኝ። «የአባቴ በሬ ስሙ ማን ነበር?»

ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ቦራ» አልሁት። «ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ለዚያ ነው። የባየው ዳልቻ ነበር።»

«ሲያርስ እንዴት ነበር የሚጠራው?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሰው የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ቆሜ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ወንድሜ ከአፋፉ ላይ እንደሚጠራው አድርጌ በሬውን ጠራሁለት። ሙላት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፣ ከዚያ «ድገሚልኝ» አለ።